የገብስ መዛኝ

እኔ የገብስ መዛኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ቀኑን ሙሉ ዓይኔ፣ ከቁጥር ሳይለይ፤
ማታ ቤት ስገባ፣ አንገቴ ላይ ብናኝ፣
ውሃ የማያነሳው፣ ሌሊት የሚበላኝ።

ቅዳሜ ከሞላሌ፣ መጣ ወንድሜ ላቀው፣
ሰባት ኩንታል ገብሱን፣ በአይሱዙ ጭኖት ነው።
ባስኩላው ላይ ቆመ፣ ከእህሉ በፊት ራሱ፣
«እስኪ እኔን መዝነኝ፣ ይቆየኝ ገብሱ!»
«ሃምሳ አራት» ስለው፣ ሳቀና ከልቡ፣
«ያንተስ? እስኪ ይታይ፣ የከተማ ቀለቡ!»
ወጣሁ። ሰባ አንድ አለ።
«አየህ!» አለኝ ላቀው፣ «አሥራ ሰባት ኪሎ፤
ሰው እዚህ ይጨምራል፣ ተቀምጦ ውሎ!»
አልነገርኩትም ለሱ፣ ከዚያ ኪሎ ስንቱ
ዳቦና ዘይት እንደሆን፣ ስንቱ ደግሞ ከንቱ።

ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ከጠባሴ ጀርባ፣
አልጋው በር ይዘጋል፣ እንግዳ ሲገባ፤
ከግድግዳው ማዶ፣ ሰው ሲያስነጥስ ሰምቼ
«ይማርህ» እላለሁ፣ ከእንቅልፌ ነቅቼ፤
ሦስት ዓመት ሆነን እንዲህ፣ ስሙን ግን አላውቅም፣
እሱም ማነህ ብሎ፣ አንኳኩቶ አያውቅም።
ውሃ የሚመጣው፣ ሐሙስ በውድቅት፣
ጀሪካኑ ቀድሞን፣ ይሰለፋል ከፊት።
ብርዱስ ያው ብርድ ነው፣ መንዝም ሆነ እዚህ፤
እዚህ ግን ከሰሉን፣ በብር ነው ገዝተህ።

ላቀው እዚያች ክፍል፣ ቅዳሜን አደረ፤
ማብሪያ ማጥፊያው ላይ፣ ልጅ ሆኖ ቀረ፤
ያበራል፣ ያጠፋል። «ልጄን» አለኝ ኋላ፣
«ፊደል ስታጠና፣ ኩራዝ ዓይኗን በላ።
ሚስቴን ምጥ ሲይዛት፣ በቃሬዛ ተሸክመን፣
ጤና ጣቢያው ሳንደርስ፣ ዳገቱ ላይ ደክመን፣
እዚያው ተወለደ፣ ብርድና ጭጋግ ውስጥ፤
ዳገቱ አልነው ስሙን። ምን ስም ከዚህ ይበልጥ?
መሬቱም አነሰ፣ ተካፍለነው ለአምስት፣
በሬዬ ሲጠመዘዝ፣ ጭራው በሰው ርስት።
ልሽጠው በሬውን፣ ልምጣ እዚህ» አለኝ፤
እኔ ደግሞ እዚያው ላይ፣ መሄድ አሰኘኝ።

ግድግዳው ላይ አለ፣ በምስማር የሰቀልኩት፣
የአባቴ በርኖስ፣ ለብሼው ያልወጣሁት፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ጠጉሩ በግ ይሸታል፣
ያኔ የመንዝ ሜዳ፣ ክፍሌን ይሞላታል።
እዚያ ስሜን ያውቃል፣ ውሻው ሳይቀር ሁሉ፣
ያባቴንም ዕዳ፣ ከነምስክር ውሉ።
ውርጩንም አውቃለሁ፣ ሲያነድ ያንን ገብስ፣
አባቴ ጀርባ ሰጥቶን፣ ማሳው ላይ ሲያለቅስ።
ናፍቆት ሚዛን አይሆን፣ አንድ ጎን ያነሳል፣
ብርዱን ይተውና፣ ፀሐዩን ያወሳል።

አሁን አንድ ነገር፣ ለማንም ያላልኩትን፣
ልናገር፤ ያን ቀን ቁጥሩ ላይ ያየሁትን።
ሰባት ኩንታል አልሞላም፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ጎድሎ፣
ላቀው ፊቴ ቆሟል፣ ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ፤
በጫማዬ ጫፍ፣ ጠርዙን ጫን አልኩት፤
ሰባት ብዬ ጮኬ፣ ሰባት ብዬ ጻፍኩት።
ታዲያ እኔን ማን ይመን፣ የቱ ይበልጣል ብሎ፣
እግሬ ሚዛኑ ላይ፣ እንደዚያ ተጥሎ?

እሑድ መናኸሪያ፣ ስለ በሬው ዝም አለ፣
እመጣለሁ አላለኝ፣ አልመጣምም አላለ፤
ሲሳፈር እግሬ ስር፣ አኖረና ከረጢት፣
«በሶ ናት» አለኝ፣ «ለቁናዬ ስህተት።»
ሰኞ መዘንኩት፤ አሥራ አራት ሆነ።
እግሬ መሬት ላይ ነበር።

ዛሬ በሶውን በዘይት፣ ጨብጬ ስበላ፣
ያ ሰው አስነጠሰ፣ ከግድግዳው ኋላ፤
«ይማርህ» ልል ብዬ፣ ቃሉን ያዝ አደረግሁ፤
ጭብጦ በእጄ ይዤ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።