ሰው የማይሄድበት

ሳምንቱን በሙሉ ከመስኮቱ ኋላ
ቁጥር ስጠራ ነው ቀኔ የሚበላ፤
«መቶ ሠላሳ አንድ!» — አንድ ሰው ይመጣል፣
«መቶ ሠላሳ ሁለት!» — ከኋላው ይገፋል፤
ሁሉም ይቸኩላል፣ ሁሉም ይቆጣኛል፣
ከሰው ትንፋሽ ብዛት መስታወቱ ያልበዋል።
ስለዚህ ቅዳሜን ፈቃድ ጠየቅኩበት፣
ሰው ወደሌለበት፣ ድምፅ ወደሌለበት።

ጥር ነው። ወደቡ በእንግዳ ተሞልቷል፣
ጀልባው በጀልባ ላይ ተደርቦ ቆሟል፤
ባለ ሰፊ ኮፍያ፣ ባለ ረጅም ካሜራ፣
አስጎብኚው ቀድሞ ስለ ገዳም ሲያወራ፣
አንዱ ዣንጥላውን ባንዱ ዓይን ሲዘረጋ፣
ፎቶ ሲነሣሡ ገና ሳይነጋጋ፤
እኔ ግን በየብስ፣ በአቧራ ስታመስ፣
አፋፍ ላይ ወረድኩኝ ከአሮጌ ሚኒባስ።

«ሰው የማይሄድበት መንገድ አለ ወይ?» ስል፣
ሳቀ አንድ ጎልማሳ፣ ጥላዬ የሚባል፤
«አለ እንጂ፣» አለኝ፣ ዋጋውን ቆጥሮ፣
«ብቸኝነትማ ውድ ሆኗል ዘንድሮ።»
ሳቅሁኝ ለራሴ፦ ብቻ ልሁን ብዬ
በብር ተከራየሁ፤ ቀደመኝ ጥላዬ።

ገባን ከዘጌ ዱር። ፀሐይዋ ተቆርሳ
ሳንቲም ሳንቲም ሆና ሥሩ ላይ ፈስሳ፤
እጄ ልማዱ ነው፣ ሊቆጥር ተነሣ፤
«ተው» አልኩት።

ጥላዬ ይጠቁማል፣ ቃል ግን አያበዛም፤
«ያ ጉሬዛ»፣ «ይህ ጉንዳን»፣ ሌላ አያወጣም።
ጉንዳኑን ተሻግረን፣ ከሐረግ ሥር ሾልከን፣
እሾኽ ቀሚሴን ሲይዝ ቆመን አስለቅቀን፣
የዋንዛው ሥር ደረጃ ሆኖ ሲያወጣን፤
የጀልባዎች ሞተር ትንኝ አክሎ ጠፋ፣
ከጆሮዬም ወጣ የሳምንት ወረፋ።

ሰው የለም።
አንድ ሰዓት ሄድን፤ አሁንም ሰው የለም።
«ይህስ የኔ ነው» አልኩ፣ አፍ አውጥቼ ባልልም።

ኋላ ግን ድንጋዩን ዝቅ ብዬ ሳየው፣
መሐሉ ለስልሷል፣ እግር ነው የላገው፤
ቅጠል ተንጠባጥቧል — ገሾ ነው — በመሬት፣
ገና አልጠወለገም፣ ጤዛውም አለበት።

መታጠፊያው ላይ ነው ሴትዮዋን ያየናት፣
የገሾ ሸክሟን ግንድ ደግፎላት፤
ስሟም ይታይሽ ነው፤ ለጥላዬ አክስት ናት።
«ምነው፣ ጠፋሽ እንዴ?»
«ሰው የሌለበትን ፈልጌ ነው» ብላት፣
አየችኝ፣ አየችኝ፤ ሳቅም አሸነፋት።
«እኛማ ምን ነንና? በሌሊት ተነሥተን
በዚሁ እንሄዳለን ገሾ ተሸክመን፤
የናቴም፣ የናቷም እግር ነው ያቀናው፤
ሰው የማይሄድበት መንገድማ የት ነው?
ሁለት ክረምት ብንቀር ሣሩ ነው 'ሚውጠው።»

ዝም አልኩ። ጥላዬ ጫማውን አየ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግማሹን
አዝዬ ተገኘሁ የይታይሽ ገሾን።
ቁልቁለቱን ወረድን። ከፊት እሷ አለች፤
ስለ ልጇ ሠርግ፣ ስለ ወገቧ አወራች፣
ዋጋ የሰበረውን ነጋዴ ረገመች፣
ከዚያ ዝም አለች።
የፈለግኩት እሱን ነበረ፤ ዝምታ —
ለካስ ሲካፈሉት አይጎድል ላንድ አፍታ።
ከደንገሉ መሐል ጉማሬ አነጠሰ፤
ሦስታችን ደንግጠን ሳቃችን ፈሰሰ።
ታንኳው ዳር ስንደርስ ሸክሜን አወረደች፣
ከመቀነቷ ሎሚ ፈታ ሰጥታኝ ሄደች።

ማታ ባሕር ዳር ላይ፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር፣
ጓደኞቼ መጡ፦ «የት ነው? አይሁን ምስጢር!»
ካርታውን ላኪ አሉኝ። ካርታ የለው። ምን ልላክ?
ሎሚዬን አሸተትኩ።
የገመዱ ሰንበር ትከሻዬን በላው፤
«ገበያ ነበርኩኝ» አልኩ። እውነቴን ነው።

ሰኞ ከመስኮቱ ኋላ፦ «መቶ ሰባት!»
አንዲት ሴት መጣች፤ እጇ የገሾ ሽታ አለበት።
ቀና ብዬ አየኋት።
ይታይሽ አልነበረችም።
ግን ስሟን ጠየቅኋት።
ከኋላዋ ያለው፣ «ኧረ ቶሎ በሉ!» አለ።