ገለልተኛ ምንጭ

የደሴ ቀያሽ ነበር ሙሄ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሜትር ሲጎትት በዳገት በሸለቆ፣
ሆጤን ከሮቢት ጋር፣ ገራዶን ከጢጣ በችካል ለይቶ፣ በገመድ ጠብቆ።
ጡረታ ሲወጣ
ሁለት የቀበሌ ካርታ ጎን ለጎን አልጋው ላይ ዘርግቶ
በመካከላቸው ቀጭን ነጭ አገኘ፣ ከሁለቱም ወጥቶ።

ከጦሳ ግርጌ ነው፤
ርዝመቱ መቶ አርባ፣ ወርዱ አሥራ ዘጠኝ ርምጃ፣
አንድ ቁልቋል አለው፣ የዛገ የመኪና ጋቢና፣ ሦስት ፍየል፤
የቀረውን እንጃ።
"የማንም ካልሆነ እንግዲህ አገር ነው" አለና አወጀ፣
ከአንሶላ ቀድዶ ባንዲራ ሰፋለት፣ ከጫማ ሶል ቀርጾ ማህተም አበጀ።
ስሙን "መሃል" አለው።
ጭጋግ የወረደ ቀን ጠረፉ ይጠፋል፤
ፍየሎቹ ያለ ቪዛ ውጭ አገር ያድራሉ።
ሕዝቡ ሙሄ ብቻ፤ መሪውም ዘበኛውም ሙሄ ነው በተራ፤
ሚስቱ ዘምዘም ግን ዜግነት እምቢ አለች፤
ከአጥሩ ወዲህ ቆማ
"ራት ቀዝቅዟል፣ ተሻገር!" ብላ ነው የምትጣራ።

እኔን ምን አገባኝ?
ያገባኛልሳ።
ቀን ቧንቧ ውሃ ላይ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤
ማታ ማታ ደሞ
በድሩ ዓውደ ጥበብ፣ በነጻ፣ ያለ ስም፣ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ።
ይህን ሰምቶ መጣ፣ በራሱ ማህተም ያተመውን ማመልከቻ ይዞ፦
"አገሬን ጻፍልኝ፤
በመዝገብ የሌለ እንዳልነበረ ነው" አለኝ ድምፁ ፈዝዞ።

ደንቡን አስረዳሁት፦
"ጋሼ ሙሄ፣ ይቅርታ፤
ያወጀ ሁሉ አገር፣ የጮኸ ሁሉ ዝነኛ አይሆንም፤
አንተው ስለ ራስህ ያልከው አይቆጠርም።
ከገበታህ ያልበላ፣ ካንተ የማይዛመድ፣
ገለልተኛ ምንጭ አምጣ፤
ቢቻል ሁለት፣ ቢጠፋ እንኳ አንድ።"

በማግስቱ መጣ፤
ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ በእጁ አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ እንደ ዓይን የጠራ፦
"ይኸው ምንጭ" አለኝ፤
"ከቁልቋሉ ሥር ነው፣ ከጋቢናው በስተግራ።
ገለልተኛ ላልከው፣
ከወዲህኛው ቀበሌ ቧንቧ አልገጠመ፣ ከወዲያኛው አልተቀዳ፤
ቆጣሪም አላየው፣ የለበትም ዕዳ።
ለሁለተኛው ምንጭ
ክረምት እስኪገባ ታገሠኝ፤ በሐምሌ ይፈልቃል ከቋጥኙ ጓዳ።"

ሳቅሁ። ግማሹን ጠጣሁለት።
ማታውን ጻፍኩለት፣ አሥራ አንድ መስመር ብቻ፤
ሳይነጋ ተሰየፈ።
አንድ የማላውቀው ሰው "ሚዛን አይደፋም" ሲል፣ "ይሰረዝ" ሲል ጻፈ።
ድምፅ ሲሰጥበት
እኔም "ይሰረዝ" አልሁ፤ ደንቡ ከኔ ገዘፈ።

ያን ሌት እንቅልፍ አጣሁ።
የተወለድኩበትን ሰፈር ፈለግሁት በዚያው መዝገብ ገብቼ፤
አንዲት ዓረፍተ ነገር፣
ከሥሯ ሰፊ ነጭ፣ ልክ እንደ ሙሄ ካርታ፤
ባንዲራ ልተክል ከጀለኝና ተውሁት ደንብ ፈርቼ።

በግንቦት አጋማሽ
ደብዳቤ ደረሰው፣ ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ክብ ማህተም ያረፈበት፤
"ራሱን 'መሃል' ብሎ የሚጠራው አገር
በአሥራ አምስት ቀን ይፍረስ" የሚል ያለበት።
ዘምዘም አለቀሰች።
ሙሄ ግን ዳገቱን ሮጦ፣ ላቡን እየጠረገ፣
እየሳቀ መጣ፦
"እንካ! ከገበታዬ ያልበላ፣ የማይዛመደኝ፣
'አገር' ሲል ጻፈልኝ፤ ማህተም አደረገ!
ሐምሌንም አልጠበቀ፤ ፈለቀ ሁለተኛው ምንጬ።"

ስለ አሥራ አምስቱ ቀን እሱም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁት፤
ሁለት ኮፒ አነሳሁ፤
አንዱን ሰጠሁትና አንዱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት።
ሂሳብ አልቀበልም አልሁ፣ የውጭ አገር እንግዳ ነው ብዬ።

ያ ሃይላንድ እስከ ዛሬ
ከማሽኑ ጎን አለ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ።
ባለጉዳይ ሁሉ "ይህ ምንድነው?" ይለኛል፤
ምንጭ ነው እላለሁ።
ሚዛን አይደፋም አሉ፤
እኔም አልደፋሁትም።