መሰላል ያዡ

አንስጋር ጌታዬ፣ ሰሌዳ ጻፊው፣
ብሩሹን በከንፈር አሹሎ ሲጽፈው
ፊደል አይዛነፍም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ።
"ቀለም ወገን የለው፣ ላዘዘው ነው" አለ።

ዳቦ በሚሊዮን ማርክ በተሸጠበት ዕለት
የጋጋሪውን ዋጋ ስንጽፍ ስንፍቅ ዋልንበት፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ዜሮ ይጨምራል።
ኋላ ፋብሪካው ቆመ። ማን ሰሌዳ ያሠራል?

ያን ጊዜ ነው የመጡት፣ ባለ ቡናማ ሸሚዞቹ፤
ጥሬ ገንዘብ ቆጠሩ፤ ጨዋ ነበሩ፣ ሳቂታ፣ ልጆቹ።
የአደባባዩን ስም ፋቅን፤ ሌላ ስም ቀባን።
የድልድዩን። የትምህርት ቤቱን። በሳምንት ሁለቴ ሥጋ በላን።
ጌታዬ ማፏጨት ጀመረ እንደ ድሮው፤
እናቴም ጫማ አገኘች፣ ውኃ የማያስገባው።

በኤፕሪል መባቻ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ቆምን ከላንዳወር፣ ከባርኔጣ ቤቱ ሰሌዳ።
ሽማግሌው ወጣ፣ ሜትሩ በአንገቱ፤
"በወርቅ የጻፍክልኝ አንተ ነህ" አለ፣ "ብቻ ቀስ በል፣ መስተዋቱ።"

ጌታዬ ዝም አለ። ወርቁን እኔ ፋቅሁ።
እሱ በነጭ ሲጽፍ፣ መሰላሉን ይዤ አየሁ፤
የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደ።
አላስተካከለውም። ጨረሰ፣ ወረደ፣ ሄደ።

ማታ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያም በሳሙና
እጄን ብፈትገው፣ አልለቀቀምና
ከጥፍሬ ሥር ያለው የወርቁ ቅንጣት፣
ኪሴ ውስጥ ደብቄው ገባሁኝ ከቤት።

እናቴ በሩ ላይ፣ አዲሱን ጫማ አድርጋ፣
"ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?" አለችኝ።
"ስንጽፍ።"

ሾርባ ቀረበ።
ማንኪያውን በግራ እጄ ያዝኩ።