ደረሰኝ

ከካራ ባሻገር፣ ኮሮኮንቹ ሲያልቅ፣
አንድ አስፋልት ይነሳል፣ ካርታ ላይ የማይታወቅ፤
ጉድጓድ አያውቀውም፣ ምልክት የለውም፣
ስሙን ለጠየቀ መልስ የሚሰጥ የለም።
እኛ ግን «ላይ ቤት» ነው የምንለው ባጭሩ፣
ያውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ታይቶ ዳር ድንበሩ።

የፍሳሽ መኪና ሹፌር ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ሽታው ቀድሞኝ ይገባል፣ ሲመሽ ወደ ቤቴ።
ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ ሰው አፍንጫ ይዞ
መንገድ ይለቅልኛል፤ የኔም ጉዞ፣ የሹም ጉዞ።

ሌላ ጊዜ የምመጠው የጠባቂዎቹን ነው፣
ከአጥሩ ውጪ፣ ከካምፑ፣ ጓሮው ጥግ ያለውን።
ዘንድሮ ግን ስልክ መጣ፦
«ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። የዋናው ቤት ጉድጓድ።»
እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ደረሰኝ።

ሙዘይን ረዳቴ ቱቦውን ጠቅልሎ
ተሳፈረ፣ ዱዓውን በከንፈሩ ብሎ።
የመጀመሪያው በር። የሁለተኛው በር።
ከመኪናው ሆድ ሥር መስተዋት ገባ፣ በዘንግ፣ የሚያበር፤
ውሻ አመጡ፣ አሸተተ፤ አይ የውሻ ፍዳ!
አስነጠሰ፣ ዞረ፣ ሄደ ወደ ሜዳ።

አምሳ አለቃ ወንድይፍራው ታንከሩን እያየ፣
«ምን አለ ውስጡ?» አለኝ።
«ባዶ ነው ጌታዬ፣ ሲወጣ ነው የሚሞላው።»
አላመነኝም። ክዳኑን ከፍቶ አየ።

ሣሩ እንደ ምልምል ወታደር ተላጭቷል።
መብራት በየመስኮቱ፣ መጋረጃው ወርዷል።
አትክልተኛው መጣ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ፣
«ቀስ፣ ተኝተዋል» አለን፣ እያየ ወደ ላይ።

ታች ያለው መንደርም ይኼንኑ ተብሎ
አውራ ዶሮው ታርዷል፣ ወፍጮው ቆሟል ውሎ፤
ለሠርግ ከበሮ የለም፣ ለቅሶም በሹክሹክታ፣
ሕፃን ያለቀሰ እንደሁ ከረሜላ ነው ማታ።

ቱቦውን ከተትን። ሞተሩን አስነሳሁ።
ፓምፑ ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል፣ እንደ ጠገበ በሬ፤
ያን ዕለት ግን ቀጠነ፣ እንደ ሐሜት ወሬ።
ሙዘይን አየኝ።
ባትሪ አብርቶ፣ አጎንብሶ፣ ጉድጓዱን ጠራው፤
ጉድጓዱ የራሱን ድምፅ መልሶ ሰጠው።
ሲሚንቶው ደረቅ ነው፣ እንደ ትናንት ሥራ፤
ሸረሪት ብቻ አለች፣ ከቧንቧው አፍ ድሯን ሠርታ።

ንጉሥ ሆነ ሎሌ፣ የበላ ያወጣል፤
ይኼን ሕግ የሚሽር አዋጅ ከየት ይወጣል?
አንድ ሌሊት እንኳን ሰው ካላደረበት፣
ይኼ ሁሉ ጠመንጃ ማንን ነው ያስተኛበት?

አምሳ አለቃው መጣ፣ ደረሰኝ ዘርግቶ።
«ሊትሩን ጻፍ» አለኝ።
«ስንት ልበል?»
«ሙሉ።»
ዓይኑን አላነሳም። ያውቃል። እዚያ ያሉት ሁሉ
ያውቃሉ። አልጋ አንጣፊዋም፣ በየማክሰኞው፣
ማንም ያልተኛበት አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩሰው።
ስምንት ሺህ ሊትር ብዬ ፈረምኩ።
ስምንት ሺህ ሊትር ምንም።

ስንወጣ ረፍዷል። ከመንደሩ መጋጠሚያ
የኦቦ ደገፋ ልጅ ሠርግ ነው፤ ሰዉ ቆሟል ወዲህና ወዲያ።
ሚዜዎቹ በእግር ጣት፣ ሙሽራዋ አንገቷን ሰብራ፣
ጭብጨባው ሳይነካካ፣ መዳፍ መዳፍን ፈርታ።
ልንገራቸው? ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።
ግን ሦስት ልጅ አለኝ። ያልከፈልኩት የቤት ኪራይ።
አፌን ዘጋሁት። እጄ ግን አፍ አወጣ፤
ሳላዘው፣ ሳይጠይቀኝ፣ ክላክሱ ላይ ወጣ።

ተጫንኩት። ረጅም።
ውሻ ሁሉ ጮኸ። ገደሉ ተቀበለው።
ሕዝቡ ቀና ብሎ ኮረብታውን ጠበቀው፣
አንድ ደቂቃ፣
ሁለት።
አንድ መጋረጃ እንኳ አልተነቃነቀ።
አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች፣
ቆየች፣
እልል አለች።

ሙዘይን ሳቀ፤ እስከ ካራ ድረስ ሳቀ።
ደረሰኙ ግን እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ አለ፣
በላብ ርሶ፣ ከአራት ታጥፎ፤
ሙሉ ይላል።