ስንት ክር ቀረ

ከሌሊቱ ስምንት፣ በሦስተኛው ፈረቃ፣
«ሠላሳ ሰዓት ቀረኝ» ይላል ሰርቨሩ፣ እንጃ መቼ እንደሚያበቃ።
ሐረጎን እንደሚወጣ ተሳቢ፣ ፋይሉ ያቃስታል፤
ዲስኩን ለሚኒባስ ረዳት ብሰጠው፣ ደሴ ደርሶ ይመጣል።

ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የሜሞሪው ግማሽ ባዶ፤
አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ተነሣ፣ ያንኑ የኤሊ እርምጃ ለምዶ።

ከፈተላ ክፍል ሉባባ መጣች፣ የጥጥ ብናኝ በሻሿ ላይ፤
«ምን ሆነ?»
«ዘገየ።»
«ይኼ ሰማያዊ ገመድ ውስጡ ክር የለው ወይ?»
ጎንበስ አለች፤ ጣቷን በገመዱ ላይ ሰደደች፣
ቁምሳጥኑ እግር ሥር ስትደርስ ቆመች፤ «እዚህ ጋ ነው» አለች።

ላጥኩት። ከስምንቱ የመዳብ ክር አራቱ ተበጥሰዋል፤
የቀሩት አራቱ፣ ማንም ሳያያቸው፣ ስንት ወር ችለዋል!
ጨርሶ ቢቆረጥማ፣ በማግስቱ ባገኘሁት፤
ችሎ ስለሠራ ነው፣ «ሰነፍ» ብዬ የሰደብኩት።

አዲስ ገመድ ሰካሁ፤ ብርቱካኑ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤
ሠላሳው ሰዓት ወደ ሦስት ተመጠነ።
«ሉባባ!» ብዬ ዞር ስል፣ ሄዳለች፣ ማሽኗ ጠርቷት፤
ዛሬም ሁለት ፈረቃ ደርባለች፤
ስንት ክር እንደቀራት
አልጠየቅኋት።