ቀዝቃዛ ብየዳ

ባያብል ደንበጫ ገባ፣ በባጃጅ፣ በጆንያ ጠቅልሎት፣
እንደ ታመመ ልጅ ከደረቱ አቅፎት፤
«እሑድ ሠርግ አለብኝ፣ ከጠምጫ ማዶ፣
ይኸ አምፕሊፋየር አዋረደኝ፣ ድምፁ ድንገት ሄዶ!»

«መቼ ነው የሚጠፋው?»
«ሲሞቅ ነው። ልክ ሰው ሲነሣ ለእስክስታ
ጭጭ ይላል፣ ባለቤቷ እንደ ደረሰባት ሐሜታ።
ጎኑን በጥፊ ስለው ደግሞ ይመለሳል፤
ሚዜው ይስቅብኛል፣ ደጋሹ ይቆጣል።»

ከውጭ ጀመርሁ። ጋሽ እንዳላማው፣ ነፍሱን ይማረውና፣
«ከቀላሉ ተነሣ» ይለኝ ነበርና።
ገመዱን ቀየርሁት፣ ፊውዙን አየሁት፣
የጃኩን ዝገት በካራ ፋቅሁት፣
የድምፁን መዘውር፣ የሚንኮሻኮሸውን፣
በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብሁት እድፉን።
ከባትሪ ድንጋይ ሁለት ሽቦ ስቤ
ስፒከሩን ነካሁት፤ «ጠቅ» አለ እንደ ልቤ።

ምንም የለበትም።
ከጠረጴዛዬ ላይ ከሰዓት ሙሉ ሠራ፣
ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ሌባ በጨዋ አንደበት አወራ።
ባያብል በእኔ አፈረ፣ እኔም በባያብል፣
መብራቱም ሄደብን፣ ይህ ያነሰን ይመስል።

ሲመሽ መብራት መጣ። ክዳኑን አወለቅሁ፤
አቧራ፣ የበረሮ ክንፍ፣ የሠርግ ወረቀት አገኘሁ።
እስኪሞቅ ጠበቅን። አንድ ሰዓት። ዝም አለ።
ባያብል በደስታ «ሞተልኝ!» ብሎ ዘለለ።

እርሳሱን ፍለጋ በእርሳስ ጫፍ ስመታ
(ቅኔ ቤት አልዋልሁም፣ ኅብሩ ነው የመጣ)
እዚህ፣ ዝም። እዚያም፣ ዝም። ከአንዷ ጋ ስደርስ
ጊታሩ ጮኸብን፣ ጣራው እስኪፈርስ።
አንዲት ነጥብ ብየዳ፣ አመድማ፣ ዙሪያዋን የተሰነጠቀች፣
የካፓሲተሩን እግር ሳታቅፍ ተደግፋው የቆመች።
«የቱ አህያ ነው» አልሁ፣ «ይህን የበየደ?
በእጁ ነው በእግሩ?» ባያብል ስድቡን ወደደ።

ሰሌዳውን ገለበጥሁ።
ከጥጉ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ፦
«ልንገርህ፣ ሚያዝያ 92»። ደርቆብኝ ቀረ አፍ።

ልንገርህ እኔ ነኝ።
ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ካውያ ከያዝሁ ሳምንት፤
ጋሽ እንዳላማው ከኋላዬ ቆሞ፣ «በትዕግሥት!
እርሳሱ እስኪበርድ እጅህ እንዳይነቃነቅ፣
ትንፋሽህን ዋጥ፤ ያኔ ነው የሚጸድቅ።»
ዋጥሁ።
ግን ከመንገድ አንድ ድምፅ በስሜ ተጣራ፤
ዞር አልሁ፣ ለአንድ አፍታ። እጄም ከአንገቴ ጋራ።

ማን ነበር የጠራኝ? ምን ፈልጎ ነበር?
በዚያች ዞር ማለቴ ስንት ትከሻ ቀረ ተንጠልጥሎ በአየር!

አሮጌውን መጥጬ አዲሱን አቀለጥሁ፤
ውጭ ባጃጅ ጮኸ፣ ውሻ ጮኸ፣ አልዞርሁ።
በረደች። እንደ ዓሣ ዐይን ጠራች።

«አህያውን ልንገርህ» አልሁት፤ ሰሙን ሰማ፤
ወርቁን ከጥጉ ሲያነብ ሳቁ ጠምጫ ማዶ ተሰማ።
«ሂሳቡ ስንት ነው?» አለኝ ኪሱን ሲዳብስ፤
«ዋስትናው አላለቀም። ይልቅ ለሠርጉ ድረስ።»

ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ባቲ ገረፈ፣
ድምፁ ቤቱን ሞልቶ አስፋልቱን ቀዘፈ፤
ከላይ፣ ከቆርቆሮው፣ አንድ የላላ ምስማር
ይንዘረዘር ጀመር።
ያ የእኔ አይደለም። እሱን ለአከራዬ ንገር።