ፈጥኖ ያሳለፈው

ከጎማ ቁጠባ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው ጓሮ፣
ለሁለት የተከፈለ በርሜል አለን፣
ሶዳ የሚፈላበት ከንጋት ጀምሮ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሙደሲር ይመጣል፣
አይሱዙውን አቁሞ ጆንያ ያወርዳል፤
ከዘይት ፋብሪካ የብረት ማጣሪያ፦
ክንድ የሚያህል ቧንቧ፣ ላዩ ወንፊት ለብሶ፣
ቀዳዳው ሁሉ ጠፍቶ፣ ሬንጅ መሳይ ጎርሶ።
"አዲሱ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ የለም፤
እነዚህን አስተንፍሱልን" ይላል፤
ዋጋ ሲነሳበት ጆሮው አይሰማም።

ጋሽ ዘርጋው አንዱን ያነሳና
አፉ ላይ ይደግነዋል፣ እንደ ዋሽንት፤
እፍ ይላል። ያዳምጣል።
"ይኸኛው ችኮ ነው፣ ይዘፍዘፍ ሁለት ሌሊት።
ይኸኛው የዋህ ነው፤ ነገ ይናዘዛል።"

የመጣሁ ሰሞን፣ የሽቦ ብሩሽ ይዤ
ልፈትገው ስል፣ ከእጄ ላይ ነጠቀኝ፤
"እንዲህ የሚፈተገው ድስት ነው" አለና
ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ አስጠነቀቀኝ፦
"ሕመሙ ቆዳው ላይ አይደለም።
ከውጭም አትንፊበት፤
ከውጭ የነፋሽ እንደሁ
ቆሻሻውን ሆዱ ውስጥ ቀበርሽበት።
ከውስጥ ነው ንፋሱ፤
በገባበት ይውጣ፣ በዚያው በር፣ በራሱ።"

ዝቃጩ የት እንደሚደፋ አትጠይቁኝ።
በማታ ነው የሚደፋው።
እኔም ጠይቄ አላውቅም፤
ጎሚስታውም ቱቦውን እያየ ዝም ነው የሚለው።

ሐምሌ ላይ፣ መብራት ሄዶ፣ ኮምፕሬሰሩ ዱዳ ሆኖ፣
ሙደሲር በር ላይ ክላክስ ሲያስጮህ፣
በጆግ እያፈሰስኩ ፈተንኳቸው በውሃ።
አንዱ ጠብ፣ ጠብ፤
ሌላው ላብ ላብ አለው እንጂ አልወረደም፤
ሌላው እንደ አኩራፊ ሰው፣ ቆይቶ፣ በስንት ልመና።
አሥራ ሁለተኛው — ሿ!
እልል ልል ትንሽ ቀረኝ።
"ይኸኛው ጠራ!" አልኩ፣ "እዩት ሲያወርደው!"

ጋሽ ዘርጋው አልሳቀም።
አንድ ጫፉን በጎማ ደፈነና ሳፋው ውስጥ ነከረው፣
በሌላው ጫፍ ነፋ።
አረፋው ወጣ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ዙሪያውን እኩል፤
ከብየዳው ሥር ደግሞ
አንድ፣ ሽምብራ የሚያህል፣
ቡልቅ።
ቡልቅ።

"አልጠራም፤ ተቀዷል" አለኝ።
"የጠራና የተቀደደ ውሃ ላይ መንታ ናቸው፤
እንዲያውም ፈጥኖ የሚያሳልፈው የተቀደደው ነው።
ዘይቱ ነው የሚለያቸው።"

ሙደሲር "በቁጥር ነው የሚረከቡኝ፣ ማን ነፍቶ ያየዋል?" ቢልም
ጋሽ ዘርጋው አስረከበው፣ አሥራ አንድ ቆጥሮ፤
የጎደለውን ከራሱ ሒሳብ ቀንሶ
ያንን አንዱን መስኮቱ ላይ አቆመው፣
ጎረቤቱ የዛገ የሚስማር ቆርቆሮ።

ማታ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣
ሶዳ የላጠው ጣቴን ሹራቤ ውስጥ ሸሽጌ፣
ዝናቡ ከሰው ጃንጥላ ትከሻዬ ላይ ሲንጠባጠብ፣
አንዲት የሰንጋ ተራ ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ የማውቃት፣
"እንዴት ናችሁ? እናትሽስ? ቤቱን ለመዳችሁት?" አለችኝ።
"ደህና ነን" አልኳት።
ቶሎ።
ጥያቄዋ ሳያልቅ፣ አንድ ጠብታ ሳይዘገይ።

ታክሲው ውስጥ ትንፋሼን ያዝኩ፤
የቱ ጋ ይሆን ቡልቅ የሚለው፣ እያልኩ።